ባልትናዬን ያለ ብዙ ወጪ እንዴት ላስተዋውቅ?

ሰላም ወገኖች፣ እስቲ አንድ ነገር አማክሩኝ። አዳማ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና ምጥን አዘጋጅቼ እሸጣለሁ። ሱቄ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ስለሆነ የሚያውቀኝ የሰፈሩ ሰው ብቻ ነው። አንዴ የገዛ ተመልሶ ይመጣል፣ አዲስ ሰው ግን የለም።

የቴሌግራም ቻናል ከፍቻለሁ። አባላቱ ዘመዶቼና የድሮ ጓደኞቼ ናቸው፤ ልብ ይሰጡኛል እንጂ አያዙም! አንድ ልጅ በብር አባል እጨምርልሻለሁ ብሎኝ ነበር፤ የውሸት አካውንት ሽሮ ይበላል እንዴ? ተውኩት።

አሁን ያሰብኩት ቲክቶክ ነው። ካሜራ ፊት ማውራት አልችልም፣ ግን በርበሬው ሲቀነጠስ፣ ሲታጠብ፣ ሲደለዝ፣ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ እጄን ብቻ እያሳየሁ በስልኬ ብቀርጸውስ? በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር ይቀላቀላል እየተባለ ሰው ስለሚፈራ፣ አሠራሩን ቢያይ ያምነኛል ብዬ ነው። ወይስ ባለኝ ትንሽ ብር ለቅምሻ የሚሆን ሽሮ በትንንሽ ላስቲክ አሽጌ፣ ስልክ ቁጥሬን ለጥፌበት፣ እንጀራ ለሚሸጡ ሴቶች ልስጥ? እነሱ ጋ በየቀኑ ስንት ሰው ይመጣል መሰላችሁ።

ሌላው፣ ከአዲስ አበባ የሚጠይቁኝ አሉ፣ ቀድመው በቴሌብር መክፈል ግን ይፈራሉ፣ እኔም ሳይከፈለኝ መላክ እፈራለሁ። ይህን እንዴት ፈታችሁት?

ሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ ሽሮ የሚፈለግበት ጊዜ ስለሆነ ከዚያ በፊት መጀመር እፈልጋለሁ። የሞከራችሁት ካለ፣ የትኛውን ላስቀድም?