የእናት ወገን ሳይጠራ የተወሰነ የልጆች ጉዳይ፤ በቤተ ዘመድ ጉባኤ እንዴት ይታረም?

ጠያቂ (ጎንደር)

ጤና ይስጥልኝ። በጎንደር ከተማ ከሕፃናት ጋር የምሠራ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ነኝ። የቤተሰቡ ማንነት እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገሮችን ቀይሬ አንድ ጉዳይ ላቅርብላችሁ።

እናታቸው የሞተችባቸው ሦስት ልጆች አዘዞ አካባቢ ከአባታቸው እናት ጋር ይኖራሉ። አባታቸው በሰሊጥ አጨዳ ወራት ወደ መተማ እየወረደ የሚሠራ ሲሆን፣ አያታቸው ዓይናቸው ስለደከመ የቤቱ ሥራ በ12 ዓመቷ ትልቅ ልጅ ላይ ወድቋል፤ ከትምህርት ቤትም ደጋግማ ትቀራለች። ባለፈው ወር የሰፈር ሽማግሌዎችና የአባትየው ወንድሞች ተሰብስበው ሦስቱ ልጆች በሦስት ዘመዶች ቤት እንዲያድጉ ወሰኑ። ማንም በክፋት አልተናገረም፤ ሁሉም የአቅሙን ሊያደርግ ነበር የመጣው። ነገር ግን ትልቋ ልጅ ረከቦቱ አጠገብ ቁጭ ብላ ስኒ እያጠበች ሳለ የምትሄድበት ቤት ሲነገር እጇ ውሃው ውስጥ ቀጥ ብሎ ቀረ። አንድም ሰው ቀና ብሎ አላያትም፤ እኔም ብሆን አፍ አውጥቼ አልጠየቅኋትም። ዳባት የሚኖሩት የእናቷ ዘመዶች ደግሞ ጭራሽ አልተጠሩም።

በሌሎች አገሮች ቤተሰቡ ራሱ ተሰብስቦ ስለ ልጁ የሚወስንበት አሠራር እንዳለ አውቃለሁ። ይህ አሠራር ከእኛ ሽምግልና በምን ይለያል? የተወሰነውንስ ሽማግሌዎቹን ሳናስቀይም እንደገና ማየት ይቻላል?

መልስ (በሶሻል ወርክ ትምህርት ላይ ያለ)

እህቴ፣ የጠቀሱት አሠራር፣ የቤተሰብ ጉባኤ የሚባለው፣ ሕግ ሆኖ የወጣው በኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። መነሻው የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆነው የማኦሪ ሕዝብ ቅሬታ ነበር። የመንግሥት ሠራተኞች ልጆችን ከቤታቸው እያወጡ ለማያውቋቸው ሰዎችና ለማሳደጊያ ተቋማት ሲሰጡ፣ ሰፊው ቤተሰብ፣ እነሱ «ፋናው» የሚሉት፣ ሐሳቡን የሚጠይቀው አልነበረም። በጆን ራንጊሃው የተመራው አማካሪ ኮሚቴ «ንጋት» የሚል ትርጉም ባለው ርዕስ ያቀረበው ሪፖርት ይህን በግልጽ ተናገረ፤ ሕጉም የዚያን ሪፖርት መንፈስ ይዞ ወጣ። ሕጉ እንክብካቤና ጥበቃ የሚሹ ልጆችን ብቻ ሳይሆን ጥፋት የፈጸሙ ታዳጊዎችንም ይመለከታል። በታዳጊዎቹ ጉባኤ ላይ የተበደለው ሰው መገኘትና የደረሰበትን ጉዳት መናገር ስለሚችል፣ ካሳና ይቅርታ ካለበት የእኛ ዕርቅ ጋር በጣም ይቀራረባል።

ከሽምግልና የሚለይበትን በአንድ ነጥብ ላሳይዎት። በእኛ ዘንድ ሽማግሌው ሁለቱን ወገን ሰምቶ ፍርዱን ይሰጣል። በዚያ ጉባኤ ግን አስተባባሪው አይፈርድም፤ ሥራው በዋናነት ከጉባኤው በፊት ያለው ነው፤ ዘመድ ማፈላለግ፣ እያንዳንዱን ለብቻው ማነጋገርና ልጁን ማዘጋጀት። በዕለቱ ባለሙያዎች የሚያውቁትን ለቤተሰቡ ያስረዳሉ፤ ከዚያም ቤተሰቡ ብቻውን እንዲመክር ክፍሉን ለቀው ይወጣሉ። ቤተሰቡ ዕቅዱን ሲጨርስ ይጠራቸዋል፤ ዕቅዱ የልጁን ደኅንነት የሚጠብቅና የሚሠራ ከሆነም ይቀበሉታል። እኔ የዚህ አሠራር ልብ ብዬ የማምነው ባለሙያው የሚወጣባትን ያችን ሰዓት ነው። ቤተሰብ ሰው ፊት የማያወጣው ገመና አለው፤ መፍትሔውም አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ገመና ሥር ይገኛል።

ሆኖም ሕጉ ሁሉንም ችግር ፈትቷል ብዬ አላታልልዎትም። ዛሬም በኒውዚላንድ መንግሥት ከሚያሳድጋቸው ልጆች ከግማሽ በላይ ማኦሪ ናቸው። ጉባኤው ለወጉ ያህል ከተካሄደና ዕቅዱን የሚደግፍ ገንዘብም ሆነ የሚከታተል ሰው ከሌለ ጥቅሙ አነስተኛ ነው።

መልስ (ፍርድ ቤት ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ)

ልጄ፣ አባባሉ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በፍርድ ቤት «የቤተ ዘመድ ጉባኤ» ስንል ኖረናል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰፊ ሥልጣን ሰጥቶ ነበር፤ በ1992 የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ሥራቸውን በአብዛኛው ወደ ማስታረቅ መለሰው። የእኛም ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት ማናቸውም እርምጃ ሲወሰድ የልጁ ደኅንነት መቅደም እንዳለበት ይደነግጋል፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 12 ልጁ በሚነካው ጉዳይ ሐሳቡ ይደመጥ ይላል። ስለዚህ ልጅቷ ሳትጠየቅ የተደረገው ስምምነት እንደገና ይታይ ብትዪ ሽማግሌን መድፈር አይሆንብሽም።

ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። ሴት ልጅ ተደፍራ፣ ወይም ያለዕድሜዋ ልትዳር ሆኖ፣ ጉዳዩ በሽማግሌ «በሰላም ይለቅ» ተብሎ በካሳ ሲዘጋ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህ ዕርቅ አይባልም፤ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሁለቱም ወንጀል ናቸው፤ ቦታቸውም ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ነው። ስለዚህ ዘመድ ከመጥራትሽ በፊት ከሚጠሩት መካከል ልጆቹ የሚፈሩት ሰው እንዳለ አጣሪ። ልጅ የሚፈራው ሰው ካለ፣ ባለሙያ የሌለበት የቤተሰብ ምክክር ለልጁ ወጥመድ ነው።

የምትስማሙበትንም በጽሑፍ አድርጉት። ለልጆቹ ሞግዚት መሾም የሚያስፈልግ ከሆነ ስምምነቱ ፍርድ ቤት ቀርቦ ይጽደቅ፤ በቃል የቀረ ነገር ሁለት ክረምት አይሻገርም።

መልስ (አንዲት እናት)

እኔ ከእነዚህ ልጆች አንዷ ነበርኩ። በ9 ዓመቴ እኔን አንድ አጎቴ፣ ወንድሜን ሌላው ወሰደው። ሁለቱም ቤቶች ደግ ነበሩ፤ አልተራብንም፤ አልተመታንም። ይሁን እንጂ ለምን እንደተለያየን የነገረኝ ሰው ስላልነበረ፣ አጥፍቼ የተቀጣሁ መስሎኝ ነው ያደግሁት። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንድሜ ከአጎቴ ጋር ገበያ ይመጣ ነበር። እህል ተራው ጋ ቆመን እንተያያለን፤ የምንለው ግን ይጠፋን ነበር። ካገባሁ በኋላ አጎቴ አንድ ቀን ቤቴ መጥቶ «ያን ጊዜ ሳልጠይቅሽ ያደረግሁት ነገር ያንገበግበኛል» ሲለኝ ሁለታችንም አለቀስን። ያቺ ንግግር ከብዙ ርዳታ በልጣብኛለች።

እህቴ፣ ልጅቷን «ከማን ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ?» ብለሽ አትጠይቂያት። ለልጅ ይህ ጥያቄ ከምትወዳቸው መካከል አንዱን እንደ መክዳት ነው። ምን እንዳይቀርባት እንደምትፈልግ ጠይቂያት። በጉባኤው ዕለትም ከጎኗ የሚቀመጥ፣ እሷ ራሷ የመረጠችው ትልቅ ሰው ይኑራት፤ ድምፅዋ ከጠፋባት ያ ሰው ይናገርላት። ቡናውንም ሌላ ሰው ያፍላ።

ጠያቂ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴ፣ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኋት።

ምክራችሁን ይዤ መጀመሪያ ወደ አንጋፋው ሽማግሌ ሄድኩ። ጉዳዩን እንደ ስሕተት ሳይሆን እንደ ጎደለ ነገር አድርጌ፣ «የእናትየው ወገን ሳይኖር ማዕዱ አልሞላም» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እውነትሽን ነው፤ የሟችን ወገን መዝለል አልነበረብንም» ብለው ራሳቸው ዳባት ስልክ አስደወሉ። የልጆቹን አክስት እስከ ዛሬ የጠየቃት ሰው እንዳልነበረ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ልጅቷን ብቻዋን አነጋገርኋት። ጋሼ እንዳሉትም የምትፈራው ሰው እንዳለ አስቀድሜ ለማጣራት ሞክሬአለሁ፤ ከታናናሾቿም ጋር ገና እነጋገራለሁ። ምን እንዳይቀርባት እንደምትፈልግ ስጠይቃት «ማታ ማታ ትንሹ ሲባንን የማባብለው እኔ ነኝ» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም። አጠገቧ እንድትሆን የመረጠችው የክፍል ኃላፊ መምህርቷን ነው።

ጉባኤው ከጥምቀት ማግስት እንዲሆን ተስማምተናል፤ ዘመዱ ለበዓሉ ጎንደር ስለሚገባ የመጓጓዣው ወጪ ይቀላል፤ አባታቸውም ያን ጊዜ ከመተማ ይመለሳሉ። የትምህርት ቤቱን የመቅሪያ መዝገብና የአያታቸውን የሕክምና ወረቀት ይዤ ገብቼ የማውቀውን ከነገርኋቸው በኋላ ጎረቤት ቤት ወጥቼ እጠብቃለሁ።