ሰፈራችን ያለች ትንሽ ራመን ቤት ልጄን ይዤ መግባት እፈልጋለሁ፤ እርዱኝ

ጥያቄ፦ አዲስ ገቢ (ካትሱሺካ፣ ቶኪዮ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከ7 ዓመት ልጄ ጋር ቶኪዮ ከገባን አራት ወራችን ነው። ካትሱሺካ ነው የምንኖረው። ሐበሻ ስለማይጠፋበት ሰፈሩን ወድጄዋለሁ። ከቤታችን ትንሽ አለፍ ብሎ አንዲት ራመን (ኑድል በሾርባ) የሚሸጥባት ቤት አለች። ስምንት ወንበር ብቻ ነው ያላት፤ ሁሉም ባንኮኒው ላይ። ማታ ከሥራ ስመለስ በመጋረጃዋ ስር እንፋሎት ይወጣል፣ ልጄም እጄን ይጎትተኛል። የክፍሉ ልጆች ስለ ራመን ያወራሉ። እሱ ግን ቀምሶ አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት መጀመሪያ ራሴ ልየው ብዬ ብቻዬን ገባሁ። ገና በሩን ስከፍት ሁለት ሰዎች ጮክ ብለው የሆነ ነገር አሉኝ። ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። አንደኛው ወደ በሩ እያመለከተ ደጋግሞ ተናገረኝ። ውጪ ያለኝ መስሎኝ ደንግጬ ወጣሁ። እስካሁን ይከነክነኛል።

ሦስት ነገር ንገሩኝ። ሰውየው ምን ማለቱ ነበር? እኛ የአሳማ ሥጋ አንበላም፤ ያለ አሳማ ማዘዝ ይቻላል? ልጅ ይዞ መግባትስ ነውር አለው?

መልስ፦ ከፉኩኦካ

እህቴ፣ አይዞሽ፣ አላባረረሽም። በሩ አጠገብ የቆመ ማሽን አላየሽም? እሱን ነው ያሳየሽ። ትንንሽ ራመን ቤቶች ብዙዎቹ ትእዛዝ የሚቀበል አስተናጋጅ የላቸውም። መጀመሪያ ከማሽኑ ትኬት ትቆርጫለሽ። ከዚያ ተቀምጠሽ ትኬቱን ባንኮኒው ላይ ታደርጊዋለሽ። ሂሳቡ እዚያው አለቀ ማለት ነው። ስትገቢ የጮሁትም "ኢራሻይማሴ" ብለው ነው፤ እንኳን ደህና መጣችሁ ነው ትርጉሙ። መልስ አይጠበቅብሽም። ሁለት ከሆናችሁ ሁለት ጣት ማሳየት ይበቃል።

ብዙውን ጊዜ ማሽኑ ገንዘብ ካልገባበት ቁልፎቹ አይበሩም። በግራ በኩል ከላይ ጥግ ላይ ያለው ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ዋና ራመን ነው። 10,000 የን ይዘሽ አትሂጂ፤ ብዙ ማሽኖች ከኖት 1,000ውን ብቻ ነው የሚወስዱት። በፈረንጆቹ ሐምሌ 2024 አዲስ ኖት ወጥቷል፤ አሮጌ ማሽን ደግሞ አዲሱን ኖት ሊተፋው ይችላል። ስለዚህ ባለ 100 የን ሳንቲሞች አጠራቅመሽ ሂጂ። አንድ ሳህን ከ800 እስከ 1,100 የን ቢሆን ነው።

ጉርሻ አትተይ። ረስተሽው የሄድሽ መስሏቸው ሮጠው ይመልሱልሻል።

ስለ አሳማው፣ ከላይ የሚቀመጠው የሥጋ ቁራጭ ቻሹ ይባላል። "ቻሹ ናሺ" ካልሽ ይተዉልሻል።

መልስ፦ ሳህን አጣቢ (ተማሪ)

ወንድሜ ስለ ማሽኑ ጥሩ አድርጎ አስረድቷል። በአሳማው ግን አልስማማም፤ እንዲህ ብለናት ሄዳ እንዳታዝንብን። ተማሪ ነኝ። በሳምንት በተፈቀደልን 28 ሰዓት ውስጥ ራመን ቤት እሠራለሁ፣ ድስቱንም የማጥበው እኔ ነኝ። ቻሹው ቢነሳም ሾርባው ራሱ አሳማ ሊሆን ይችላል።

ፉኩኦካ የታወቀችበት ቶንኮትሱ የአሳማ አጥንት ብዙ ሰዓት ተንተክትኮ ወተት እስኪመስል ሲነጣ የሚገኝ ሾርባ ነው። ቶኪዮ በብዛት የሚገኘው ሾዩ ነው፤ በአኩሪ አተር ሶስ የሚጣፈጥ ቡናማ፣ ጠራ ያለ ሾርባ። አንዱ ቤት በዶሮና በደረቁ ትንንሽ ዓሦች ይሠራዋል። ሌላው የአሳማ አጥንት ይጨምርበታል። በዓይን አይለይም። "አትክልት ራመን" የሚል ጽሑፍም እንዳያታልልሽ። አብዛኛውን ጊዜ ያው ሾርባ ነው፣ አትክልቱ ከላይ ይከመርበታል እንጂ።

አንድ ሳህን እንዴት እንደሚሰናዳ ልንገርሽ፣ ምን መጠየቅ እንዳለብሽ ከዚያ ይገባሻል። መጀመሪያ ሳህኑ ግርጌ ታሬ የሚሉት ጨዋማ ማጣፈጫ ይገባል። ቀጥሎ አንድ ጭልፋ የቀለጠ ስብ። ከዚያ ትኩሱ ሾርባ ይፈስበታል። ከዚያ ውኃው የተንጠፈጠፈ ኑድል። መጨረሻ ላይ ሥጋው፣ የቀርከሃ ቡቃያው፣ ሽንኩርቱ። እዚህ ውስጥ አሳማ ሊገባባቸው የሚችል አራት ቦታዎች አሉ፦ ታሬው (ቻሹ የተቀቀለበት ሶስ ሊገባበት ይችላል)፣ ሾርባው፣ ስቡና ሥጋው። ስቡ የዶሮ ሊሆን ይችላል፣ የአሳማም። ቢያንስ ታሬውን፣ ሾርባውንና ስቡን ሳትጠይቂ አትብዪ።

"ሱፑ ኒ ቡታ ዋ ሃይቴ ኢማስ ካ?" በያቸው። ሾርባው ውስጥ አሳማ አለ ወይ ማለት ነው። ቡታ አሳማ፣ ቶሪ ዶሮ ነው። ከመናገር ደግሞ ጽፎ ማሳየት ይሻላል። ጃፓንኛ የሚያውቅ ሰው ስለ ታሬው፣ ስለ ሾርባውና ስለ ስቡ ጥያቄዎቹን በወረቀት ይጻፍልሽ። ቢላዋውና መክተፊያው ግን የጋራ ነው፤ እሱን ቤቱ ሊለይልሽ አይችልም። እዚህ ላይ የምትወስኚው አንቺ ነሽ።

ሰዓቱንም ምረጪ። ከቀኑ 6 እስከ 7 ሰዓት ተኩል በእኛ አቆጣጠር ሰልፍ አለ፣ ማንም ቆሞ ሊያስረዳሽ አይችልም። ገና ሲከፍቱ፣ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ድረሺ። በሩ ላይ መጋረጃው ከተሰቀለ ክፍት ነው። ካወረዱት ተዘግቷል። ሾርባው ካለቀ ደግሞ ከሰዓቱ በፊትም ያወርዱታል።

ልጅ ነውር የለውም። ወንበሩ ከፍ ያለ ስለሆነ ከግድግዳው በኩል ጥጉ ላይ አስቀምጪው። "ቶሪዛራ" ካልሽ ትንሽ ሳህን ይሰጡሻል፤ ከራስሽ ቀንሰሽ ታበርጂለታለሽ። ሁለት አዋቂ ሆኖ በአንድ ሳህን መካፈል ግን እዚህ አይወደድም፤ እያንዳንዱ አዋቂ አንድ ሳህን ማዘዝ አለበት። ስምንት ወንበር ያለው ቤት የሚኖረው ወንበሩ ቶሎ ቶሎ ሲለቀቅ ነው። ለዚህ ነው ሰው በልቶ የሚነሳው፣ ተቀምጦ የማያወራው። ኑድሉም ቢቆይ ይላሽቃል። 20 ደቂቃ በቂ ነው።

እየማጉ መብላት ይቻላል፣ ድምፁ ማንንም አያስቀይምም። አፍንጫ መናፈጥ ግን ያስቀይማል፤ እንፋሎቱ አፍንጫ ስለሚያፈስ ሶፍት ያዢና ቀስ ብለሽ ጥረጊ። ልጁ ቾፕስቲኩን ሳህኑ ውስጥ አቁሞ እንዳይተወው። የለቅሶ ቤት ሥርዓት ነው፣ ደስ አይላቸውም። ስትጨርሱ ሳህኑን ፊት ለፊታችሁ ካለው ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አድርጉና "ጎቺሶሳማ ዴሺታ" በሉ፤ ስለ ምግቡ እናመሰግናለን እንደ ማለት ነው። እኔ ከውስጥ ሆኜ ሳህን ሳጥብ ይህንን ስሰማ ድካሜ ይቀለኛል።

መልስ፦ የናጎያዋ

እህቴ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ለሌሎች እንዲጠቅም ነው የምጽፈው። ዶሮ ነው ቢሉም ማጣፈጫው ውስጥ ሳኬ ወይም ሚሪን የሚባል መጠጥ ብዙ ጊዜ ይገባል። አሳኩሳ ውስጥ ናሪታያ የሚባል ሐላል ራመን ቤት አለ። ካትሱሺካ ካለው የዮትሱጊ ጣቢያ ወደ አሳኩሳ ሳትቀይሪ የሚያደርስ ባቡር ስላለ ላንቺም ቅርብ ነው። የሰፈርሽ ቤት ካልሆነልሽ ልጅሽን እዚያ ውሰጂው። ምንም ሳትጠያየቁ ትበላላችሁ።

መልስ፦ ረቡዕና ዓርብ

ለጾም ቀን፦ ተራው ራመን ቤት ውስጥ የጾም ነገር ለማግኘት አትድከሚ። ኑድሉ ውስጥ እንኳ እንቁላል ሊኖር ይችላል። ቶኪዮ ጣቢያ ውስጥ፣ የባቡር ትኬት ከሚፈተሽበት በር ወዲያ፣ ቲስ ታንታን የሚባል ቤት አለ። ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም አይገባበትም። ሰሊጡ የጠገበ ነው፣ እኔ ጾሙን ሙሉ እየተመላለስኩ እበላለሁ።

አዲስ ገቢ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሐሙስ ሄድን።

5 ሰዓት ተኩል ላይ መጋረጃውን ሲሰቅሉ ደረስን። ያ ሰውዬ ራሱ ነበር። ወረቀቱን ሰጠሁት። ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበው። ከዚያ ወደ ድስቱ እያመለከተ "ቶሪ" አለ፣ ቀጥሎ አንድ እፍኝ የደረቁ ትንንሽ ዓሦች አምጥቶ አሳየን። ስቡም የዶሮ ነው። አሳማው ቻሹው ብቻ ነበር። በሱ ፋንታ ግማሽ እንቁላልና ተጨማሪ የቀርከሃ ቡቃያ አደረገልኝ። መክተፊያውን አስቤበት እንቁላሉን በክር ሲቆርጠው አየሁና ተረጋጋሁ።

ልጄ ሲምግ ሸሚዙን በሙሉ አረጠበው። ሲጨርስ ሳህኑን በሁለት እጁ አንስቶ መደርደሪያው ላይ ሊያደርስ ሞከረ፣ አልደረሰም። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ተቀበለው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ማሽኑ ላይ ከታች ትንሽ ቁልፍ አለች፣ 120 የን ትላለች። ምንድን ናት?

ሳህን አጣቢ

ተጨማሪ ኑድል ትመስለኛለች። የቁልፏን ፎቶ ላኪልኝ፣ አነብልሻለሁ። ከሆነች ሾርባውን ሳትጨርሺ ነው የምታዢያት፣ እዚያው ሳህን ውስጥ ይጨምሩልሻል። ለልጁ አንዷ ትበቃዋለች።