ልጄ ሲኤንኤ ለመማር ከኢኤስኤል እስክትወጣ መጠበቅ አለባት?

እናት_ነኝ፦
ሰላም ናችሁ ወገኖቼ። አሜሪካ ከገባን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው፣ ልጄ አስራ አንደኛ ክፍል ናት፣ እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች የሚሰጠውን ኢኤስኤል ትማራለች። ሃይስኩሏ ውስጥ የነርስ ረዳት፣ ሲኤንኤ የሚሉት ክላስ አለና ልመዝገብ ስትል የትምህርት አማካሪዋ፣ ካውንስለሯ፣ «መጀመሪያ ከኢኤስኤል ውጪ» አለቻት። እስክትወጣ እኮ ትመረቃለች! አገር ቤት በባዮሎጂ አንደኛ የነበረች ልጅ እዚህ ቃሉ ስለጠፋት ብቻ እንደማታውቅ ዝም ብላ ትቀመጣለች፣ አንጀቴን የሚበላኝ እሱ ነው። ቤት ውስጥስ አማርኛውን እንተወው?

ትምህርት_ቤት_የምሠራ፦
እህቴ፣ ኢኤስኤል ስለሆነች ብቻ መከልከል የለባትም። በ1974 የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ተማሪዎች ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ቋንቋው ለማይገባው ልጅ ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት መጽሐፍና አስተማሪ መስጠት እኩል ማስተማር አይባልም ተብሎ ተወስኗል። ለሙያ ትምህርት የፌደራል ብር የሚመጣበት ፐርኪንስ የሚባለው ሕግም በ2018 ሲታደስ እንግሊዝኛ በመማር ላይ ያሉ ልጆችን ልዩ ትኩረት ከሚሰጣቸው ውስጥ ነው የከተታቸው። ለምን እንደከለከሏት በጽሑፍ ጠይቂያቸው። ስብሰባ ከጠሩሽ አስተርጓሚ አምጡልኝ በይ፣ በነፃ ነው፣ እባክሽ ልጅቷን እንዳታስተረጉሚያት።

ሲኤንኤ_ነበርኩ፦
እኔ ኢኤስኤል እያለሁ ነው የተማርኩት። ስልጠናው በፌደራል ሕግ ቢያንስ 75 ሰዓት ነው፣ ከዛ ውስጥ 16ቱ በተግባር። መጀመሪያ ቀን አስተማሪዋ የምትለው ግማሹ አልገባኝም ግን የልብ ምት ስንቆጥር ሁለት ጣቴን የጓደኛዬ አንጓ ላይ አድርጌ ሰዓቱን እያየሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠርኩ፣ «ፐልስ» የምትለዋን ቃል ከዛ ወዲህ ረስቻት አላውቅም። እጅ አስታጠብ ደረጃዎቹን ማታ በአማርኛ ለእናቴ አስረዳታለሁ፣ ጠዋት ያንኑ በእንግሊዝኛ እላለሁ። ኢኤስኤል ክፍል ዓመት ሙሉ ተቀምጬ ያላገኘሁትን እንግሊዝኛ እዛ ነው ያገኘሁት፣ ምክንያቱም ለሥራ ስለሚያስፈልገኝ። የሲኤንኤ የጽሑፍ ፈተናው ካስፈራት ደግሞ ጥያቄው በድምፅ የሚነበብበት አማራጭ አለ፣ ጠይቁ።

ትምህርት_ቤት_የምሠራ፦
አማርኛውን ደግሞ በፍፁም እንዳትተዉ። ባዮሎጂውን በአማርኛ ካወቀችው እንግሊዝኛ ላይ የሚቀራት ስሙ ነው፣ ሐሳቡን እንደ አዲስ አትማረውም። ደግሞ ሁለት ቋንቋ ማንበብና መጻፍ ለሚችል ተመራቂ ዲፕሎማው ላይ የሚለጠፍ ሲል ኦፍ ባይሊተረሲ የሚባል ማኅተም አለ፣ ካሊፎርኒያ በ2011 ጀምራው አሁን በየስቴቱ ተዳርሷል። የአማርኛ ፈተና የሚያዘጋጁም አሉ፣ ግን ፊደል መጻፍ ይጠይቃልና እንዳትረሳው ከአሁኑ ትጻፍ።

እናት_ነኝ፦
እግዜር ይስጥልኝ ልጆች። ኢሜይሉን ዛሬ ማታ አማርኛውን እኔ እየነገርኳት እሷ በእንግሊዝኛ ትጽፈዋለች፣ ለስብሰባው ግን አስተርጓሚ እጠይቃለሁ። ምን እንዳሉን ተመልሼ እጽፍላችኋለሁ።