ኢንዛይሙ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሥራው የሚቆመው ለምንድን ነው?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። የቢ ሴልን (ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርተውን ነጭ የደም ሴል) ምልክት አስተላላፊ ኢንዛይም ቢቲኬን ሳጠና አንድ ነገር ግራ አጋባኝ። ኤክስአይዲ የሚባሉት አይጦች ያለባቸው ሚውቴሽን 28ኛውን አሚኖ አሲድ ከአርጂኒን ወደ ሲስቴይን የቀየረ ብቻ ነው። ፎስፌት የሚያያይዘው የኢንዛይሙ ክፍል ግን በሌላው ጫፍ በኩል ሳይነካ አለ። ታዲያ የአይጦቹ ቢ ሴሎች የባክቴሪያን የስኳር ልባስ የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል ማምረት የሚሳናቸው ለምንድን ነው?

መልስ 1
ኢንዛይሙ የሚፈለግበት ቦታ መድረስ ስላልቻለ ነው። ቢቲኬ ሴሉ ባረፈበት ጊዜ በውስጠኛው ፈሳሽ ተበትኖ ይኖራል። የቢ ሴሉ ተቀባይ (ባዕድ አካልን የሚለየው የሴሉ ሽፋን ፕሮቲን) ባዕድ አካል ሲይዝ፣ በስብ ሰንሰለት ከሴሉ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ጋር ተጣብቆ የሚጠብቀው ሊን የተባለው ኢንዛይም በተቀባዩ ጭራ ላይ ፎስፌት ያኖራል፤ ሲክ የተባለ ሌላ ኢንዛይም እዚያው ያርፋል፤ ፒአይ3 ኪናዝ የተባለው ኢንዛይም ደግሞ ፒአይፒ2 የተባለውን የሽፋኑን ስብ ወደ ፒአይፒ3 ይለውጠዋል። ቢቲኬ ሽፋኑ ላይ የሚቆየው ይህንን ስብ ጨብጦ ሲሆን፣ አሉታዊ ቻርጅ ያላቸውን ፎስፌቶች ከሚይዙት አሚኖ አሲዶች አንዱ አዎንታዊ ቻርጅ ያለው ያ አርጂኒን ነው። ሲስቴይን ይህን ሊተካ አይችልም።

የሚያበራ ፕሮቲን የተቀጠለበትን የቢቲኬ ስብ ጨባጭ ክፍል በማይክሮስኮፕ ካዩ ነገሩ ቁልጭ ይልልዎታል፦ መላው ሴል ላይ የተዳረሰው ብርሃን ተቀባዩ ሲነቃ ወደ ዳር ተሰብስቦ ቀለበት ይሠራል። ሚውቴሽኑ ካለ ግን እንደተበተነ ይቀራል። ቢቲኬ የሚያነቃው ፎስፎሊፔዝ ሲ ጋማ 2 የተባለው ኢንዛይም የሚሰነጥቀው ፒአይፒ2ም የሚገኘው ሽፋኑ ላይ ነው፤ ካልተሰነጠቀ በሴሉ ውስጥ የተከማቸው ካልሲየም እንደሚገባው አይለቀቅም፤ ፀረ እንግዳ አካል እንዲመረት የሚያዘው ምልክትም ይዳከማል።

መልስ 2
በመልሱ እስማማለሁ፤ ነገር ግን አይጧን ከሰው ጋር እኩል እንዳናያት። ሐኪሙ ኦግደን ብሩተን እ.ኤ.አ. በ1952 በተደጋጋሚ በኢንፌክሽን ሲታመም የነበረ የ8 ዓመት ልጅ ደም ውስጥ ጋማግሎቡሊን (ፀረ እንግዳ አካላትን የያዘው የደም ፕሮቲን) እንደሌለ ዘገበ፤ ለዚህ ሕመም ምክንያት የሆነው የቢቲኬ ጂን የታወቀው በ1993 ነው። በሰው ላይ በዚሁ 28ኛ ቦታ አርጂኒን ወደ ሂስቲዲን ሲለወጥ ሕመሙ ከአይጧ ይብሳል፤ በአይጥ ውስጥ ቴክ የተባለው ዘመድ ኢንዛይም ጉድለቱን በከፊል ይሸፍናል።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። ኢብሩቲኒብ የተባለው መድኃኒትስ ቢቲኬን የሚያግደው ከሽፋኑ በማራቅ ነው?

መልስ 1
አይደለም፤ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የተፈቀደው ይህ መድኃኒት የሚጣበቀው ፎስፌት አያያዡ ክፍል ውስጥ ባለው 481ኛው ሲስቴይን ላይ ስለሆነ፣ ስብ ጨባጩን ክፍል አይነካም። በኤክስአይዲ አይጥ ኢንዛይሙ መሥራት እየቻለ ሽፋኑ ላይ አይደርስም፤ በመድኃኒቱ ጊዜ ግን ፒአይፒ3ን መጨበጥ ቢችልም ፎስፌት ማያያዝ ይሳነዋል።