ሐዘንተኞች የጻፉበት በር ይሸጣል? የፍሬዲ ሜርኩሪ አድናቂዎች ክርክር

ከአዲስ አበባ፦
የክዊን ባንድ ድምፃዊ ፍሬዲ ሜርኩሪ ኖቬምበር 24 ቀን 1991 ለንደን ኬንሲንግተን ውስጥ ጋርደን ሎጅ በተባለው ቤቱ ሲያርፍ ዕድሜው 45 ነበር (ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ኤድስ እንዳለበት ለሕዝብ ያሳወቀው ከመሞቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነው። አድናቂው ሕመሙን ሰምቶ ሳይጨርስ መርዶው ደረሰው። ሰዎች አበባ ይዘው ደጁ ድረስ ሄዱ፤ ግቢው ዝግ ነበርና ከጊዜ በኋላ ግንቡ ላይና አረንጓዴው የአትክልት ቦታ በር ላይ መጻፍ ጀመሩ። በሩ በስም፣ በልብ ሥዕልና በስንብት ቃል ተሸፈነ። ሟቹ የሚጎበኝ መቃብር የለውም፤ አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ የት እንዳረፈ ለሕዝብ አልተነገረም። ስለዚህ ለአድናቂዎቹ ለቅሶ ቤቱ ያ ደጅ ነበር።

ሴፕቴምበር 2023 ሶዝቢስ የተባለው አጫራች ድርጅት የፍሬዲን ንብረት ሲሸጥ በመጀመሪያ የቀረበው ያ በር ነው። በ412,750 ፓውንድ ተሸጠ። ሐዘንተኛ እንባውን የጻፈበት ነገር ለጨረታ ይቀርባል? እኔ አይቀርብም እላለሁ። እንጨቱ የቤቱ ባለቤት ንብረት ነው፤ ጽሑፉስ የማን ነው?

ከለንደን፦
ወንድሜ፣ ስለ በሩ ስትጽፍ ከበሩ ጀርባ የኖረችውን ሴት ስሟን እንኳን አላነሣህም። ሜሪ ኦስተን በወጣትነቱ ፍቅረኛው፣ ከዚያም እስከ ዕለተ ሞቱ የቅርብ ወዳጁ ነበረች። ቤቱንና በውስጡ ያለውን ለእሷ የተወው በኑዛዜ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቤቱን እሱ እንዳስዋበው ጠብቃ ኖረችበት።

ቦታውን ሄጄ አይቼዋለሁ። ሎጋን ፕሌስ ጸጥ ያለ የመኖሪያ መንገድ ነው። ከረጅሙ የጡብ ግንብ ሥር ቆሞ ሌሎች የጻፉትን የሚያነብ ሰው ከግንቡ ወዲያ ሰው ቁርሱን እንደሚበላ ይዘነጋል። እሷ ግን በየዓመቱ የማታውቀው ሰው ደጇ ላይ ሲያለቅስ እየሰማች ኖራለች። ፍሬዲን መውደድ ማለት ወዳጁን ዕድሜ ልኳን የለቅሶ ቤት ጠባቂ ማድረግ ነው? ደግሞም ዕቃው በድብቅ አልተሸጠም። ከጨረታው በፊት ለአንድ ወር ያህል በነጻ ታይቶ ወደ 140 ሺህ ሰው ጎብኝቶታል።

ከአዳማ፦
ልጆቼ፣ እኔ ከሁላችሁም በዕድሜ እበልጥ ይሆናል። ይህ ሰው ለእኛ ሩቅ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወገናችን በኮረም መጠለያ ሲረግፍ፣ በሐምሌ ወር ለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም ላይ ላይቭ ኤይድ የተባለው የእርዳታ ኮንሰርት የተዘጋጀው ለዚያ ነበር። ክዊን መድረክ ላይ የቆየው 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ስታዲየም ሙሉ ሰው እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ በአንድ ምት ሲያጨበጭብ፣ ፍሬዲም በድምፁ ሕዝቡን ሲጠራና ሕዝቡ ሲመልስለት ከብዙ ዓመት በኋላ በቪዲዮ ካሴት አይቼ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። የእኛ ስም ያለበት ቀን ነውና።

ስለዚህ እኔም ለቅሶ ደራሽ ነኝ፤ የምጠይቀውም ዕቃው ለምን በአንድ ስፍራ ለሕዝብ አልተቀመጠም ብዬ ነው። ስዊዘርላንድ፣ ሞንትሮ ከተማ ክዊን ይቀዳበት የነበረው ስቱዲዮ በነጻ ይጎበኛል፤ ሐይቁ ዳር ሐውልቱ ቆሟል። በተወለደባት በዛንዚባር እንኳን በ2019 በስሙ ሙዚየም ተከፍቷል። ከ1975 ጀምሮ ዜማ የደረሰበት ያማሃ ፒያኖ ግን በ1.74 ሚሊዮን ፓውንድ ለአንድ ሰው ሄደ። ይህ ያሳዝነኛል።

ከሐዋሳ፦
ሁላችሁም በሽታውን በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፋችሁታል። እኔ የጤና ባለሙያ ነኝ፤ ለእኔ ዋናው እሱ ነው። የኤድስን ሞት በእርግጥ መቀነስ የቻለው የመድኃኒቶች ጥምር ሕክምና የተስፋፋው በ1996 ነው። ፍሬዲ አምስት ዓመት ቀድሞ ሞተ። እኛ አገር መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ2005 ሲሆን እስከዚያ ድረስ ስንቱ ሰው «ሳንባ ነው»፣ «ጉበት ነው» እየተባለ ተቀበረ። ለቀስተኛው የሚያውቀውን አይናገርም፣ ቤተሰቡም አንገቱን ይደፋል። የዚያ ዘመን ለቅሶ እንዲህ ነበር። ዓለም የሚያውቀው ሰው የበሽታውን ስም በራሱ መግለጫ ማውጣቱ፣ በመጨረሻዋ ቀንም ቢሆን፣ ቀላል ነገር አይደለም።

በኤፕሪል 1992 ጓደኞቹ ዌምብሌይ ላይ የመታሰቢያ ኮንሰርት አዘጋጁ፤ ከዚያም ኤድስን የሚዋጋው የሜርኩሪ ፊኒክስ ትረስት ተቋቋመ። ከመሥራቾቹ አንዷ ይህችው ሜሪ ኦስተን ናት። ጨረታው ወደ 40 ሚሊዮን ፓውንድ አስገብቶ ከፊሉ ለዚህ ድርጅትና ለዘፋኙ ኤልተን ጆን የኤድስ ፋውንዴሽን እንዲውል ተደርጓል። አንድ በር ተሽጦ ለአንድ ክሊኒክ መመርመሪያ የሚገዛ ከሆነ እኔ ደስ ብሎኝ እሸኘዋለሁ።

ከአዲስ አበባ፦
እህቴ፣ ስለ በሽታው የጻፍሽው ልክ ነው፤ ግን ለእርዳታ የዋለው ከፊሉ መሆኑን ራስሽ ጽፈሻል። ክርክሬም ስለ ሁሉም ዕቃ አይደለም። ጢሙን የሚያበጥርባት ትንሽ የብር ማበጠሪያ ከ400 እስከ 600 ፓውንድ ተገምታ በ152,400 ተሸጣለች። ትሸጥ። የእሱ ነበረች፣ ለሜሪ አወረሳት፣ ሜሪም ሸጠቻት። በኑዛዜው የተላለፈው በር ግን ባዶ በር ነበር። የተሸጠው በር ሕዝብ ለሠላሳ ዓመት የጻፈበት ነው። ያን ያህል ዋጋ ያወጣው የአናጺው ሥራ አይደለም፤ የእነዚያ ሰዎች እጅ ነው። አንዳቸውም አልተጠየቁም።

ከለንደን፦
በሰው በር ላይ ሳያስፈቅድ የጻፈ ሰው በሩ ሲሸጥ ልጠየቅ ሊል አይችልም። ቀለም ቀብታ ልታጠፋው መብቷ ነበር፤ አላጠፋችውም። የክዊን ጊታሪስት ብራያን ሜይ በጨረታው ዋዜማ ማየት እንደከበደው ሲጽፍ ሐዘኑ ገብቶኛል። እሱ ግን ጓደኛውን በየመድረኩ እያነሣ ያለቅሳል። እሷ ያላት ዝምታ ነው። አመዱን የት እንዳሳረፈች እስከ ዛሬ አልተናገረችም፤ ፍሬዲ የለመናት ያንን ነበርና። ጋዜጣው ሁሉ ለዚያ ምስጢር ስንት በከፈላት! ገንዘብ ፈላጊ የሚላት ሰው መጀመሪያ ይህን ይመልስልኝ።

ከአዳማ፦
ገንዘብ ፈላጊ ያላት የለም፣ ልጄ። በ2024 ግን ቤቱ ራሱ ከ30 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተጠይቆበት ለገበያ ወጥቷል። የእሷ ሸክም ይቅለላት፤ ደክሟታል፣ አልፈርድባትም። እኔን የሚያሳስበኝ የሚገዛው ሰው ነው። አንድ ሚሊየነር ግንቡን አጽድቶ ካሜራ ሰቅሎ ዘበኛ ቢያቆም፣ አበባ ይዞ የሚመጣ ሰው ወዴት ይሂድ? የለንደን ከተማ አንድ ጥግ መስጠት ያቅታታል?

ከአዲስ አበባ፦
ጋሼ፣ ጥጉ ቢሰጥ መጀመሪያ መቆም ያለበት ያ በር ነው። የኑዛዜውን ነገር የለንደኗ እህቴ አሳምናኛለች፤ ስለ በሩ ግን አሁንም አልስማማም። ገዢው ቢያንስ በየዓመቱ ኖቬምበር 24 በሩን አውጥቶ ለሕዝብ ያሳይ፤ ስማቸው ያለበት ሰዎችም ያለ ክፍያ ይግቡ።