የውኃ አባቱ ሥልጣንና የቦዩ ጫፍ

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎጃም፣ ሜጫ ውስጥ ከወንዝ የተጠለፈ አንድ ቦይ 48 ቃዳ ያጠጣል፤ 12 ሄክታር መሆኑ ነው። ተራው በየ7 ቀኑ ይደርሳል። የውኃ አባቱ፣ ማለትም ውኃውን በተራ የሚያከፋፍለው፣ ሁሉም ወዶ የመረጠው ሰው ነው፤ አሁን ግን ቀን ቀኑ ለዘመዶቹ፣ ሌሊቱ ጫፍ ላይ ላሉት ሆኗል። አንዷ ባሏ የሞተባት ናት፤ የሽንኩርቷ ቅጠል ከጫፉ ቢጫ እየሆነ እሷ ደጅ ትጠናለች። ሰውየው ሳይዋረድ እንዴት ይስተካከል?

ቦይ ጠራጊ፦
ከሰውየው በፊት ዙሩን ለውጡ። 7 ቀን 168 ሰዓት ስለሆነ ሌሊት የደረሰው ሁልጊዜ ሌሊት ይደርሰዋል፤ ቀን ለማግኘት የግድ መለመን አለበት። ዙሩ 180 ሰዓት፣ ማለትም 7 ቀን ተኩል ይሁን። ያኔ ቀንና ሌሊቱ በየዙሩ በራሱ ይገለባበጣል፤ እሑድም አንድ ሰው ላይ አይቆምም። ለቃዳ 3 ሰዓት ስትሰጡ 144 ይሄዳል። 24ቱ ለቦይ መሙያና ለተደረመሰ ቦታ፣ 12ቱ ለችግረኛ ይቀመጥ።

ሰዓቱም ውኃው ማሳ ከገባ ጀምሮ ይቆጠር። የደረቀ ቦይ ብዙ ውኃ ይጠጣል፤ ከጠለፋው ሲለቀቅ ከተቆጠረ የጫፉ ሰው ሰዓቱ መንገድ ላይ ያልቅበታል።

የታች ማሳ፦
በ12ቱ ሰዓት ተጠንቀቁ። ለውኃ አባቱ ከተተወ ርኅራኄውም መግዣ ይሆንለታል፤ የተደረገለት ሰው በምርጫ ቀን ውለታውን ይከፍላል። ሦስት ሰዎች ይወስኑ፣ አንዱ የግድ ከጫፍ። ለምን እንደሚሰጥም አስቀድሞ ይጻፍ፦ ሐዘን፣ ሕመም፣ ወሊድ፣ ገና የተተከለ ችግኝ። እዚህ ውስጥ ያለ ሰው ሳይለምን ይድረሰው። ቅጣት ደግሞ በገንዘብ ሳይሆን በቦይ ጠረጋ ቀን ይከፈል፤ ቅጣቱን የሚጥለው ሰው እጅ ምንም አይግባ።

ወንድም ጋሻ፦
የውኃ አባቱም ሰው ነው። ሌሊት ቦይ ይዞራል፣ የራሱን ማሳ ጥሎ ይጠብቃል፣ ምንም አይከፈለውም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የሚበረታው እንዲህ ሲለፋ ነው። ከየቃዳው የተቆረጠ እህል ይሰጠው፤ ዘመኑም አንድ በጋ ብቻ ይሁን። የዘመዱ ጉዳይ ሲመጣ ሌላ ሰው ይፍረድ። በየዙሩ ደግሞ እስከ ጫፍ በእግሩ ይውረድ። ከላይ ሆኖ የሚፈርድ ሰው የሚያየው የሞላ ቦይ ነው፤ ታች ያለውን ስንጥቅ መሬት አያይም። መጋቢት ላይ ወንዙ ሲቀንስ ይህ ልዩነት ይብሳል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልን። በጠረጋው ዕለት ይነበባል። የመጀመሪያው ዙር ከየት ይጀመር?

ቦይ ጠራጊ፦
ከጫፍ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ።