ከቶሎ ቶሎ የሚደረሰው የቱ ነው? የግሪክ ጉዞ ረቂቅ የዕቅድ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ውድ አባላት፣ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው የጥቅምት ጉዞ ረቂቅ እነሆ። የምናርፈው በፔሎፖኔዝ፣ ከናፍፕሊዮ ከተማ አጠገብ ባለች ቶሎ በምትባል የባሕር ዳር መንደር ነው፤ አንድ ቪላ፣ አሥራ ስድስት ሰው፣ ሰባት ሌሊት። ረቂቁ በየቀኑ ጠዋት ወጥተን ማታ እንድንመለስ ይላል፦ አቴንስ፣ ዴልፊ፣ ኦሎምፒያ፣ ቆሮንቶስ፣ ሚኬኔ፣ ኤፒዳውሮስ። አስተያየታችሁን እስከ እሑድ ማታ ጻፉ። የምትጽፉትን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር አድርጉት። ባለፈው ሽርሽር «ጠዋት 2 ሰዓት» ብለን ቀጥረን አንድ ወንድማችን በቀን 8 ሰዓት መምጣቱን አልረሳንም።

የመኪናው ኃላፊ፦ መንደሩ ቶሎ ይባል እንጂ ዴልፊ ከቶሎ ቶሎ አይደረስም። ኦሎምፒያም እንደዚያው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከቤተሰቤ ጋር እዚያው አካባቢ ሰንብቼ ነበር፤ ኦሎምፒያ ደርሰን ስንመለስ ስድስት ሰዓት ያህል መኪና ውስጥ ተቀምጠናል። ልጄ ከዚያ ቀን የምታስታውሰው የነዳጅ ማደያውን ብቻ ነው። ሦስቱን ሩቅ ቦታዎች ሰርዘን ቶሎ ባለችበት አውራጃ በአርጎሊስና በአካባቢው እንወሰን። ሚኬኔና ኤፒዳውሮስ ከቪላው ከአንድ ሰዓት በታች ናቸው፤ ቆሮንቶስ አንድ ሰዓት ያህል ነው። የጥንቱ ግንብ ቲሪንስ ደግሞ ናፍፕሊዮ አፍንጫ ሥር እያለ ረቂቁ ውስጥ የለም!

መምህሩ፦ እደግፋለሁ። አቴንስን ማስቀረት ከባድ መሆኑ ይገባኛል፤ ነገር ግን ስንመለስ አውሮፕላኑ የሚነሣው ከዚያ ስለሆነ የመጨረሻዋን ግማሽ ቀን ለሙዚየሙ እንስጣት። ጀርመናዊው የቅርስ ቁፋሮ ሰው ሃይንሪኽ ሽሊማን እ.ኤ.አ. በ1876 ሚኬኔ ላይ ከመቃብር ያወጣው የወርቅ ጭንብል የሚገኘው አቴንስ ነው። በትሮይ ጦርነት ግሪኮችን የመራው የሚኬኔ ንጉሥ የአጋሜምኖን ፊት ነው ተብሎ ስም ወጣለት፤ ጭንብሉ ግን የትሮይ ጦርነት ተካሄደበት ከሚባለው ዘመን በሦስት መቶ ዓመት ገደማ ይቀድማል።

ሚኬኔን ለኛ ልዩ የሚያደርገው ሌላ ነገር አለ። በግሪኮች አፈ ታሪክ ከተማዋን የቆረቆረው ፐርሴዎስ ነው፤ ሚስቱ አንድሮሜዳ ደግሞ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ናት። እንግዲህ በተረቱ መሠረት የሚኬኔ የመጀመሪያዋ ንግሥት የኢትዮጵያ ልጅ ነበረች። በዚያ ዘመን ግሪኮች «ኢትዮጵያ» የሚሉት ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር በሙሉ ስለነበር የዛሬውን ካርታ ይዘን አንከራከር። ቢሆንም የሚኬኔ ዋና መግቢያ በሆነው በአንበሶቹ በር ስናልፍ ለልጆቹ ይህን መንገር ደስ ይለኛል።

ጋሼ (የአክሱሙ)፦ መምህር፣ ያ ሚኬኔ ያለው «የአትሬዎስ ግምጃ ቤት» የሚሉት መቃብር በር ላይ የተጋደመው ድንጋይ ስንት ይመዝናል?

መምህሩ፦ 120 ቶን ያህል እንደሆነ ይገመታል፣ ጋሼ። የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው ወይም በ13ኛው መቶ ዘመን ነው።

ጋሼ (የአክሱሙ)፦ ከሮም እ.ኤ.አ. በ2005 የተመለሰው ሐውልታችን 160 ቶን ነው። የወደቀው ትልቁ ደግሞ ከ500 ይበልጣል። ለማወቅ ያህል ነው እንጂ ለፉክክር አይደለም።

መምህሩ፦ ፉክክሩን የጥንት ሰዎችም ያውቁታል። ፓውሳንያስ የሚባለው የ2ኛው መቶ ዘመን ተጓዥ ወገኖቹን የወቀሰው በዚሁ ነበር፦ ግሪኮች የባዕድ አገር ፒራሚድን በዝርዝር ይጽፋሉ፣ ከዚያ የማያንሰውን የቲሪንስን ግንብ ግን አያነሡትም ይላል። የመኪናችን ኃላፊ ያለው ይኸንኑ ነው።

እትዬ (ከሴቶች ክፍል)፦ ልጆቼ፣ ስለ ድንጋዩ ሚዛን ስትነጋገሩ የጉልበቴን ነገር ረሳችሁ። እኔና ሦስት እኅቶቼ አቀበት አንችልም።

የመኪናው ኃላፊ፦ እትዬ፣ ልክ ነዎት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የሚኬኔ ኮረብታ አቀበት ነው፤ ድንጋዩም በጎብኚ እግር ብዛት ተልጎ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ጋሼ የጠየቁት መቃብር ግን ከመንገዱ ዳር ነው። ግራና ቀኙ በድንጋይ በታጠረ 36 ሜትር ያህል በሚረዝም መግቢያ ቀስ ብለው ይሄዱና ከ13 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው እንደ ቀፎ ከሾለ ጣሪያ ሥር ይቆማሉ። ከውጪው ፀሐይ ሲገቡ መጀመሪያ ምንም አይታይም፤ ዓይን ሲለምድ የድንጋዩ ክብ ረድፍ አንዱ በአንዱ ላይ እየጠበበ ወደ ላይ ሲሄድ ያያሉ። ሌሎቹ ኮረብታውን ሲወጡ እናንተን እዚያ አደርሳችኋለሁ።

እትዬ፦ ተባረክ። ኤፒዳውሮስ የሚባለውስ?

መምህሩ፦ እሱማ የእርስዎ ቦታ ነው። ሁሉም የሚያወራው ስለ ቲያትሩ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን የተሠራ፣ 55 ረድፍ ያለው። መሐል ካለችው ክብ ድንጋይ ላይ ሳንቲም ቢጣል ላይኛው ረድፍ ይሰማል ይላሉ፤ ወጣቶቹ ይሞክሩት። ስፍራው ግን ከቲያትር በፊት የሕሙማን መማጸኛ ነበር። አስክሌፒዮስ የሚሉት የፈውስ አምላክ በሕልም እንዲመጣላቸው ሕሙማኑ በአንድ አዳራሽ ያድሩ ነበር፤ ጸበል ቦታ እንደሚያድረው ሕዝባችን ማለት ነው። የተፈወሱት ታሪክ በድንጋይ ተቀርጿል። አንዷ አምስት ዓመት አርግዛ የቆየች ሴት ናት፤ እዚያ አድራ ስትወጣ ወለደች፣ ሕፃኑም ወዲያው በምንጩ ታጥቦ ከእናቱ ጋር ሄደ ይላል።

እትዬ፦ አምስት ዓመት! ይህቺን ሳላይ አልመለስም። ረቡዕና ዓርብስ ምን እንበላለን?

የመኪናው ኃላፊ፦ «ኒስቲሲማ» ብለው ይጠይቁ፤ የጾም ምግብ ማለት ነው። ነገር ግን እነርሱ ስምንት እግሩን የባሕር እንስሳ ከጾም ይቆጥሩታልና ሳህኑን አይተው ይቀበሉ።

የወጣቶች ተወካይ፦ የጥንት ግሪኮች የሩጫ ውድድር ስፍራ የነበረችው ኔሜያ ትጨመርልን። ስታዲየሙ ውስጥ ሯጮች የእግር ጣታቸውን ያስገቡበት የነበረው ቦይ በድንጋዩ መነሻ ላይ እስካሁን አለ። ሯጮቹ ወደ ሜዳ ይገቡበት የነበረው የድንጋይ ዋሻም እንዳለ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በየአራት ዓመቱ ማንም ሰው በባዶ እግሩ የሚሮጥበት ውድድር ይካሄድበታል። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ጫማ ሳያደርግ ያሸነፈው የአበበ ቢቂላ አገር ልጆች ሆነን ይህን ማለፍ ነውር ነው። ውድድሩ ባይገጥመንም ጫማችንን አውልቀን አንድ ዙር እንሮጣለን።

ጋሼ (የአክሱሙ)፦ እኔም እሮጣለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ከሩጫው በፊት ሂሳብ። የአውሮፓ ኅብረት አባል አገር ዜጋ የሆነ ከ25 ዓመት በታች ያለ ወጣት የመንግሥት ቅርሶችን በነፃ ያያል፤ ነገር ግን ዜግነቱን የሚያሳይ መታወቂያ ይጠየቃል። የመኖሪያ ፈቃዱ ጀርመን፣ ፓስፖርቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ በዚህ ስለማይገባ የትኬት ዋጋውን ማኅበሩ ይቻል። በአንድ ጉዞ ወንድምና እኅት መለየት አይገባም። መኪናን በተመለከተ፣ በተራ መንጃ ፈቃድ ከሾፌሩ ሌላ ከስምንት ሰው በላይ መጫን አይቻልም፤ ስለዚህ ሁለት ባለ ዘጠኝ ወንበር መኪና እንከራይ። ወደ ቆሮንቶስ ያለው አውራ ጎዳና ቀረጥ አለበት፤ በጀቱ ውስጥ ይግባ።

መምህሩ፦ ቆሮንቶስን እሑድ እናድርገው። ቅዱስ ጳውሎስ በሮማው አገረ ገዢ በጋልዮስ ፊት የቀረበበት የፍርድ ወንበር መሠረቱ በገበያው መሐል ይታያል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18ን እዚያው ቆመን እናንብብ። ስንመለስ ራሱን በተላጨበት በክንክራኦስ ወደብ በኩል ማለፍ ይቻላል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ የተሻሻለው ረቂቅ እንዲህ ይነበብ፦ «አባላቱ በአራት ቀናት ሚኬኔንና ቲሪንስን፣ ኤፒዳውሮስን፣ ኔሜያን፣ ቆሮንቶስን ይጎበኛሉ። የቀሩት ቀናት የዕረፍትና የናፍፕሊዮ ናቸው። መነሻ ጠዋት 1 ሰዓት ከሩብ፤ ቅርሶቹ 2 ሰዓት ላይ ሲከፈቱ ቀድመን እንድንገባ። ኮረብታ ለማይወጡ አባላት በእያንዳንዱ ቦታ ሌላ አማራጭ ይዘጋጃል። የትኬት ልዩነትን ማኅበሩ ይሸፍናል።» የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሁለተኛ ሾፌር።

አንድ አባል፦ እኔ እነዳለሁ። 1 ሰዓት ከሩብ የተባለው በማን አቆጣጠር ነው?